ውዳሴ «ምንም አልሆንሁም»

በታኅሣሥ መጀመሪያ ወደ መንዝ፣ ሞላሌ ስወጣ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት እግራቸው በትርፍ ጎማና በአንድ ኩንታል ስኳር መካከል ተቀርቅሮ መጓዙን ያወቅነው መዘዞ ላይ ነው፤ ሊወርዱ ሲነሱ እግራቸው አብሯቸው አልነሳ አለ። ረዳቱ ደንግጦ «ምነው አባባ፣ ከደብረ ብርሃን ጀምሮ ዝም ይላሉ?» ቢላቸው፣ ጭናቸውን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ ደረጃውን በአንድ እግራቸው ወርደው፣ በርኖሳቸውን አስተካክለው፣ «ምንም አልሆንሁም» አሉና እያነከሱ መንገዳቸውን ቀጠሉ። እስኪሰወሩ በመስኮቱ ተከተልኋቸው። ጉሮሮዬን አንዳች ነገር ያዘው። የእንዲህ ያለ አገር ልጅ መሆን ለሁሉ አይሰጥም።

ስለ ጀግኖች የሚጽፍ ሞልቷል፤ ስለ ተራራውና ስለ ፏፏቴው የሚገጥምም አይጠፋም። ነገር ግን ጎንደሬውን ከሸዌው፣ ጳጳሱን ከእረኛው፣ ሚኒስትሩን ከጫማ ጠራጊው ሳይለይ ሁሉንም በአንድ ጥላ ሥር የሰበሰበውን፣ ስንቱን ቁስል ሳይነካ የሸፈነውን፣ ስንቱን ጥያቄ ሳይመልስ የዘጋውን፣ ዘርዝረው ቢናገሩት ሌሊት የሚያነጋውን የሰው ልጅ ምሬት በሁለት ቃል አጣጥፎ ብብት ውስጥ የሚያስገባውን ይህን ታላቅ፣ ይህን ቁጥብ፣ ይህን ጨዋ ንግግር የሚገባውን ያህል ያመሰገነለት ሰው እስካሁን አላየሁም። ሌላው ኢትዮጵያዊ ይለዋል፤ መንዜ ግን ይኖርበታል።

ፈረንጆች በዚህ ረገድ የደከሙትን ድካም ሳስብ አዝንላቸዋለሁ። አብርሃም ማስሎ የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1943 ባሳተመው ጽሑፍ የሰውን ፍላጎት ደረጃ አወጣለት፤ ከታች መብልና እንቅልፍ፣ ቀጥሎ ከስጋት መዳን፣ ቀጥሎ ፍቅርና ወገን፣ ከዚያ መከበር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የተሰጠንን ችሎታ እስከ ጥጉ መኖር። ምስኪን፤ ሞላሌን አላያትም። ቢያያት ኖሮ፣ 3 ሺህ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ውርጩ ማለዳ ማለዳ ሣሩን ጨው በሚያስመስልበት አገር፣ መከበር የሚባለው አራተኛ ፎቅ ከሥሩ አንድም ወለል ሳይኖረው ለዘመናት ቀጥ ብሎ መቆሙን አይቶ እርሳሱን ባስቀመጠ ነበር።

አጎቴ ቤት የደረስሁት ማምሻውን ነው። ገና ከደጅ ሳልገባ ሰላምታው ወረደ፤ እንደምን ከረምህ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው ወይ፣ ባለቤትህስ፣ ጎረቤቱስ፣ አዲሳባ እንደምን ናት፣ ኑሮውስ፣ ሥራውስ። እኔም በተራዬ ጤናቸውን፣ ከብቱን፣ ገብሱን፣ በጎቹን፣ ዘመድ አዝማዱን ጠየቅሁ። ለእያንዳንዱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባለ። ከሩብ ሰዓት ያላነሰ ወሰደ። ሲያበቃ፣ እሳቸው ስለ እኔ፣ እኔም ስለ እሳቸው አንዲት ነገር ሳናውቅ፣ ያልተጠየቀ ነገር እንደሌለ ግን በሙሉ ልብ እየተማመንን ወደ ምድጃው ገባን። ይህን ሁሉ ጥያቄ ጠይቆ ይህን የመሰለ ንጹሕ ወረቀት ይዞ የሚመለስ መርማሪ በየትኛው መንግሥት አለ?

ከምድጃው አጠገብ አንዲት እናት በግ ተኝታለች። ጆሮዋ ወርዷል። አጎቴ ገና ሳይቀመጡ ጎንበስ ብለው ጉንጯን በመዳፋቸው ያዙና «ይቺ ከፍቷታል» አሉኝ። «ግልገሏን ቀበሮ ከወሰደባት ዘጠኝ ቀኗ። ሣር ትይዛለች፣ አትውጠውም። ከመንጋው ወደ ኋላ ትቀራለች። ሌሊት ሌሊት ትነሳለች። ብቻዋን ከተውኋት እንደወጣች ትቀራለች፤ ሆዷ ሰው ይፈልጋል።» ይህን ብለው በመዳፋቸው ጨው አላሷት፣ አሮጌ ዝተት ጣል አደረጉባት፣ ጀርባዋን እያሻሹ ዝግ ባለ ድምፅ አዋሯት። በጓ ዓይኗን ከደነች።

እንዲህ ያለ ሐኪም አይቼ አላውቅም። ከእህል መራቅን፣ ከወገን መለየትን፣ እንቅልፍ ማጣትን በአንድ እይታ አንብበው፣ መነሻውን አውቀው፣ መድኃኒቱን እዚያው ሰጡ። አክስቴ ከወዲያ ሽሯቸውን እያማሰሉ «እሳቸውም እኮ ከሰኔ ወዲህ አይተኙም፤ እህልም እንደነገሩ ነው፤ ማኅበርም ቀርተዋል» ቢሉኝ፣ አጎቴ ቀና ሳይሉ «ምንም አልሆንሁም» አሉ። ለዚህ ዓይነቱ ትሕትና ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እውቀቱ ሙሉ ነው፤ ምልክቱ አንድ ነው፤ መድኃኒቱም ከእጅ አልራቀም። ያን ሁሉ ጥበብ ጨብጦ፣ በስህተት እንኳ ወደ ራስ ሳያዞር፣ ለአንዲት በግ ብቻ አስረክቦ መቀመጥ የሚችል ሰው ከባሕታውያን ተርታ ካልተቆጠረ ማን ሊቆጠር ነው?

ሰኔ፣ ታላቅ ወንድማቸው ያረፉበት ወር ነው፤ አባቴ ማለት ናቸው። ሁለቱ ለ40 ዓመት በአንድ ጥማድ ሲያርሱ ኖረዋል። እኔም የመጣሁት ለመንፈቃቸው ነው።

አጎቴ ለበጓ ያሳዩት እውቀት የትናንት እንዳይመስላችሁ። ጎረቤታችን ጓሳ ምስክር ነው። አባቶቻችን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምረው፣ የቄሮ ሥርዓት በሚባለው ደንባቸው፣ የጓሳን ሣር 3 ዓመት፣ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘግተው ያሳርፉት ነበር። ማጭድ አይነካው፣ ከብት አይረግጠው፤ ደክሞታል፣ ይተኛ። በ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጁ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ሐሳቡ አልሞተም፤ ዛሬም 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚያህለውን ያን ሜዳ የሚጠብቀው የአካባቢው ሕዝብ ራሱ ነው። ለሣር የዓመታት ዕረፍት የፈቀደ አገር፣ ለሰው ግን በቀን አልጋ ላይ ጋደም ማለትን በአግባቡ ከልክሏል፤ ጋደም ያለ ሰው ከተገኘ ጎረቤት ዳቦ ይዞ ሊጠይቅ ይመጣል፣ ተኚውም በድንጋጤ ተነስቶ «ምንም አልሆንሁም» ይላል፣ ዳቦው ይበላል። በነገራችን ላይ እዚያው ጓሳ ያሉት ጭላዳዎች የቀኑን አንድ ክፍል እርስ በእርስ ጠጉር በመፈለግና በመተሻሸት ያሳልፋሉ፤ ይህ ወዳጅነታቸውን እንደሚያጠናክረው ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ይህን ለአጎቴ ብነግራቸው ለረጅም ጊዜ አሰቡበትና «ሥራ ፈቶች» አሉ።

ከተማውም ቢሆን ወደ ኋላ አልቀረም። መሥሪያ ቤታችን በጥቅምት፣ ለስሜት መረጋጋት የሚያስፈልገንን ስለማወቅ፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የ3 ቀን ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። አሠልጣኙ ወረቀት አደሉና «ለውስጥ ሰላማችሁ የሚያስፈልጓችሁን 3 ነገሮች ጻፉ» አሉ። አዳራሹ የማትሪክ ፈተና መሰለ። እኔ ብዕሬን ነክሼ ብዙ ቆየሁ፤ በመጨረሻ አጠገቤ ከተቀመጠው ባልደረባዬ ክንድ ሥር አሾልቄ ቀዳሁ። እሱም ለካ ከፊቱ ካለችው ቀድቷል። ወረቀቱ ሲሰበሰብ 40 ሰው በአንድ ድምፅ «ጤና፣ የአገር ሰላም፣ የደመወዝ ጭማሪ» ብሎ ተገኘ። አሠልጣኙ በአንድነታችን ልባቸው ተነካ። አበላችንን ፈርመን ተቀበልን። የምስክር ወረቀቴን ሳሎን ሰቅየዋለሁ፤ ስሜቱ ስለመረጋጋቱ ማኅተም ያረፈበት ማስረጃ ያለው ሰው በሰፈራችን ከእኔ ሌላ የለም።

ከዚያው ሥልጠና ያመጣሁት አንድ ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸው፣ ወደ አማርኛ የተመለሱ፣ ባለፉት 30 ቀናት ስለነበረ ሁኔታ «አዎ» ወይም «አይደለም» የሚባልባቸው 20 ጥያቄዎች። ከራት በኋላ በባትሪ ብርሃን ለአጎቴ አነበብሁላቸው።

«ጋሼ፣ ብዙ ጊዜ ራስዎን ያምዎታል?»

«ብርዱ ነው።»

«የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?»

«ጾም ነው እንጂ።» እውነት ነው፤ ጾመ ነቢያት ነበር። በሰኔ ስለጀመረው ግን አልጠየቅሁም።

«እንቅልፍ ያጣሉ?»

«በጓ ናት።»

«እጅዎ ይንቀጠቀጣል?»

«እርፍ የያዘ እጅ ነዋ።»

«ቀድሞ ደስ ይልዎት የነበረ ነገር ደስ ማሰኘቱን ትቷል?»

እዚህ ላይ ቆም አሉ። «ምን ነበር ደስ ይለኝ የነበረው?» ብለው ወደ አክስቴ ዞሩ። አክስቴም አላወቁትም።

«ከወትሮው ይበልጥ ያለቅሳሉ?»

«ጭሱ ነው» አሉ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። ምድጃው ውስጥ የቀረው ፍም ብቻ ነበር፤ የመንዝ ጭስ ግን እሳት እስኪነድ አይጠብቅም።

ሃያውን ጨርሰን ብንደምር አንድም «አዎ» አልተገኘም። ሙሉ ነጥብ። ጄኔቭ ድረስ ተልኮ በመስተዋት ውስጥ ሊቀመጥ የሚገባው ወረቀት ነው። በዚያ ቤት የታመሙት ብርዱ፣ ጾሙ፣ በጓ፣ እርፉና ጭሱ ናቸው፤ ሰውየው ምንም አልሆኑም። ወረቀቱን ሳጣጥፍ አጎቴ በጓን አቅፈው አነሱና «ከወገኗ ጋር ትደር» ብለው ወደ ጉረኖው ወሰዷት።

የቋንቋችንም ውለታ ሊረሳ አይገባም። አማርኛ ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ደከመኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ እያለ ባለቤቱን ነጻ ያወጣዋል። አድራጊው ሌላ ነው። «እሱ» የሚባል፣ መልኩ የማይታወቅ፣ አድራሻ የሌለው ግለሰብ መጥቶ ይከፋናል፣ ይጨንቀናል፣ ሲለው ይሄዳል። በሚስትና በርስት የሚባለው ተረት እንደሚያስረዳው፣ ድንበሩ በአንድ ስንዝር ቢነካበት ከአጥቢያ ዳኛ እስከ ዙፋን ችሎት ሲሟገት፣ ሙግቱንም ለልጁ ሲያወርስ የኖረው መንዜ፣ የሌሊቱን እኩሌታ እየቆረሰ የሚወስድበትን ይህን «እሱ» አንድ ቀን እንኳ ከሶት አያውቅም። ይቅር ባይነት ማለት ይህ አይደለምን?

ማከማቻውንም ተመልከቱ። ሌላው ዓለም ስሜቱን በራሱና በልቡ በትኖ ሲቸገር እኛ አንድ ቦታ ሰበሰብነው፤ ሆዴ ባባ፣ ሆድ ባሰኝ፣ ሆዴን ባር ባር አለኝ፣ በሆዴ ያዝሁት፣ ሆደ ሰፊ ነው፣ ሆደ ባሻ ናት፣ ሆድ ይፍጀው። ሐዘኑም፣ ቂሙም፣ ናፍቆቱም፣ ሽሮውም በአንድ ጎተራ። ለሐኪም ምን ያህል እንደሚያመች አስቡት! ጨጓራ ይባላል፣ ያበቃል። እኔም በዚህ ሥልጣኔ ከተጠቀሙት አንዱ ነኝ፤ ከአባቴ ቀብር በአራተኛው ቀን ሥራ ገብቼ ለጠየቀኝ ሁሉ «ምንም አልሆንሁም» ብዬ ነበርና፣ ከሐምሌ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዴ 20 ሚሊ ግራም ኦሜፕራዞል እወስዳለሁ። መድኃኒት የሰጠችኝ ልጅ «ቡና ቀንስ፣ ሚጥሚጣ ተው» አለችኝ። ሚጥሚጣውን ተውሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ20 ጥያቄዎቹ ለሆድ የመደበው ሁለቱን ብቻ መሆኑ ከልምድ ማነስ እንደሆነ እገምታለሁ።

ዶናልድ ሌቪን የተባለው አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ምሁር መንዝ ድረስ መጥቶ ገበሬውን አጥንቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተመውን መጽሐፍ «ሰምና ወርቅ» ብሎ ሰይሞታል። አንድ ነገር ተናግሮ ሌላ ነገር የማለት ጥበባችን ደንቆታል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሦስተኛውን ማዕድን ባገኘ ነበር፤ ሰሙ ለሰሚው፣ ወርቁ ለምሥጢረኛው ሲሆን፣ ከሥር ደግሞ ለተናጋሪው ለራሱም ያልተነገረው አለ። ያን ቆፍሮ ያወጣ የለም፤ ክምችቱ ሳይነካ ለትውልድ ተላልፏል።

አናለቅስም ማለት እንዳይመስልብኝ። እናለቅሳለን፤ በቦታው፣ በሰዓቱና በፈቃድ። ቀብር እስኪፈጸም ደረት ይመታል፣ ሙሾ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ «በቃ፣ ፈጣሪን ማማረር ይሆናል» ይባላል፣ በቃ። በሰኔ ተራዬ ደርሶ ልጀምር ስል ከዕድሩ አንድ ሰው መጥቶ የድንኳኑ ካስማ ጎድሏል፣ ሳህኑም 3 ተሰብሯል አለኝ፤ ሒሳቡን ሠርተን ስንጨርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። «አይዞህ፣ ወንድ ልጅ እንባው ወደ ውስጥ ነው» አሉኝ። እውነትም ወደ ውስጥ ሄደ። ሴቶቹ ግን ከእኛ በልጠው ይህን ነገር በጥበብ ያዙት፤ አክስቴ ኅዳር ላይ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግራቸው ሄደው አንድ ለቅሶ ደርሰው፣ እስኪበቃቸው አልቅሰው፣ ፊታቸው በርቶ ተመልሰዋል። ሟቹ ምናቸው እንደሆኑ ጠየቅኋቸው። «እኔ ምን አውቄ፤ ደግ ሰው ነበሩ አሉ» አሉኝ።

አዲስ አበባ ያለውን አማኑኤልንም ሳላነሳ አላልፍም። በጣልያን ወረራ ዘመን ተቋቁሞ፣ ሕዝቡ በእጥፍ በእጥፍ ሲበዛ እሱ ለአሠርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። አንድ ግቢ ለዚህን ያህል ሰው መብቃቱ ስለ ጥንካሬያችን ብዙ ይናገራል። ስሙንም ከማክበራችን የተነሳ፣ ለስድብ ካልሆነ በቀር በከንቱ አናነሳውም።

በመንፈቁ ዋዜማ ሌሊት ጨጓራዬ ቀሰቀሰኝ። የአጎቴ መደብ ባዶ ነው። ባና ደርቤ ወጣሁ። ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል፣ ስረግጠው ይንኮሻኮሻል። ጉረኖው ውስጥ በጓ የአጎቴን በርኖስ ተከናንባ ተኝታለች፤ እሳቸው በነጠላ ብቻ አጠገቧ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጀርባዋን እያሻሹ ያዋሯታል። ስለ ግልገሏ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል የሚጠሩት ስም የአባቴ ነው።

«ምነው ጋሼ?» አልኋቸው።

«ምንም አልሆንሁም። በጓ ናት፣ ከፍቷት» አሉ። «አንተስ ምነው ተነሳህ?»

«ምንም አልሆንሁም። ጨጓራዬ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ይመስገን።»

ጠጋ አሉልኝ፤ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ጉረኖው ውስጥ ጭስ አልነበረም። እሳቸው ጀርባዋን፣ እኔ ጆሮዋን እያሻሸን እስኪነጋጋ ቆየን። በጓ ደህና አደረች።